ሳይተረጎም የቀረ ስም

አንድ ሰው ሰባት የሚታለቡ ላሞች ነበሩት።

በረቱ አንጎለላ አካባቢ ነው፤ ከዋናው መንገድ ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ መካከሉን አንድ ወፍራም የጽድ ምሰሶ ይዞታል። ላሞቹ በቀን ሁለት ጊዜ ይታለባሉ፤ ንጋት ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ ደግሞ በአሥር ሰዓት። ወተቱ በቀን ስልሳ ሊትር ገደማ ይሆናል። በምሰሶው ላይ፣ ከሰው ደረት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በከሰል የተሰመሩ አርባ ሦስት ጭረቶች ነበሩ።

እንግዳዋ ከመምጣቷ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ያዙልኝ። በተለይ ምሰሶውን ያዙልኝ።

የሰውየውን ስም አልነግራችሁም። በሕይወት አለ፤ ከመካከላችሁም የሚያውቀው አለ። ባለ ላሞቹ ልበለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሁለት ሰዎችን ስም ብቻ እጠራለሁ። አንዷ አላቢዋ ናት፤ ይርገዱ ትባላለች። የሌሎቹን ስም ሸፍኜ የእሷን የምገልጥበትን ምክንያት ሳልጨርስ ትደርሱበታላችሁ።

ይርገዱ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት አልባለች። የምታድረው ከበረቱ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ግን አንድ ነገር ሳታደርግ ባልዲዋን ከላም ሥር አስገብታ አታውቅም። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ሁለት ጭምቅ ወደ ባልዲው አትጥለውም፤ በጥቁር የሸክላ ክዳን ላይ ታደርገዋለች። ወተት ነጭ ነው፤ በነጭ ባልዲ ውስጥ ሁሉም ወተት ይመሳሰላል። በጥቁር ክዳን ላይ ግን ጉድፉ ይታያል። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው።

ኅዳር ወር ላይ በክዳኑ ላይ አንድ ነገር አየች። ቦራ ከምትባለው ላም የኋላ ግራ ጡት እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ወጣ፤ መጠኑ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። ከሰል አንሥታ ምሰሶው ላይ አንድ ጭረት አሰመረች፤ ከዚያ ወዲያም ባየች ቁጥር አንድ ትጨምር ነበር፣ ለየላሟ ለየብቻ። ታኅሣሥ ላይ ከቦራ ቀጥላ የምትታለበው ዳማ ላይ አየችው። ጥር ላይ ከዳማ ቀጥላ በምትታለበው ላይ። ሕመሙ የሚሄደው በመታለቢያው ተራ ነበር። ጭረቶቹን ስትቆጥር ይህ ገባት።

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ ቦራ በመጨረሻ ትታለብ። ነገር ግን በዚያ ቤት ቦራ የመጀመሪያዋ ናት። የባለ ላሞቹ አባት ከመሞታቸው በፊት፣ የዚህን ቤት ወተት ቦራ ትክፈተው ብለው ተናግረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቦራ በፊት ሌላ ላም ታልባ አታውቅም። ይርገዱም ያን ቃል ሽማግሌው ሲናገሩ ቆማ ሰምታለች፤ ታከብረዋለች። ስለዚህ ወደ ባለ ላሞቹ በኅዳር ስትሄድ በጥንቃቄ ነው የሄደችው።

«ጋሼ፣ የአባትዎ ቃል እንዳለ ይሁን። ቦራ ግን ታማለች። እስክትድን ድረስ ከሁሉም በኋላ ልለባት።»

«አንቺ ጡት እጠቢ» አላት። «የአባቴን ቤት ሥርዓት እኔ አውቃለሁ።»

በታኅሣሥ ደገመችው። በጥር ሠለሰችው። ለሦስቱም ጊዜ መልሱ ያው ነበር።

በጥር ወተቱ ከመሰብሰቢያው ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በአልኮል ሲፈትሹት ረጋ። በየካቲት አንድ ጊዜ ደግሞ ተመለሰ። ባለ ላሞቹ ጥፋተኛ ፈለገ፤ ሩቅ አልሄደም። ይርገዱን በቤተሰቡ ፊት አቁሞ እጇን ዘርጊ አላት። ጥፍሯን አየ። መዳፏን አሸተተ። ከዚያም፣ ወተቱ አንድ ጊዜ ከተመለሰ ሌላ አላቢ እፈልጋለሁ አለ።

በእጇ ቆሻሻነት የተባረረች አላቢን በዚያ አገር ማን ይቀጥራታል? ማንም። ይርገዱ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የተያዘባት ሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ስሟ ነው።

በዚህ መካከል ከአንድ የግብርና ትምህርት ቤት ጥያቄ መጣ። ከባሕር ማዶ የመጣች ተማሪ አለች፤ በቤተሰብ እርባታ ውስጥ ስድስት ሳምንት ኖራ ሥራውን ልትማር ትፈልጋለች፤ ትቀበላታለህ ወይ የሚል። ባለ ላሞቹ ደስ አለው። ማን ደስ አይለው? አዲስ ፍራሽ ገዛ። አዲስ ሳህን ገዛ። ሰው ቀጥሮም በረቱን በውስጥ በኩል ኖራ አስቀባው።

ምሰሶውንም።

ይርገዱ ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ አርባ ሦስቱ ጭረቶች የሉም። ኖራውን የሚቀባው ሰው ጥላሸት መስሎት ነበር፤ እሱን አልወቅሰውም። ባለ ላሞቹን ግን ጠየቀችው፤ የምሰሶውን አንድ ጎን እንኳ ቢተውላት። እንግዳ እየመጣ በረቴ ጥላሸት ይዞ ይቆይ ወይ ብሎ አለፋት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። ልትማር የምትመጣ ሰው አለች። በዚያ በረት ውስጥ ሊማሩት የሚገባ አንድ ጽሑፍ አለ፤ የሦስት ወር ምልከታ፣ በየቀኑ የተያዘ። ሰውየው ተማሪዋን ለመቀበል ሲል ትምህርቱን በኖራ ሸፈነው። ይህን ያደረገው ለክብር ነው። ክብር የምንለው ነገር ስንት ጊዜ ኖራ ሆኖ ተገኘ?

ተማሪዋ በመጋቢት መጣች። ማሪሴል ትባላለች፤ ከፊሊፒንስ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ቻይናዊቷ አላት። አይደለችም ተብለው አምስት ጊዜ ተነገራቸው፤ ስድስተኛም ቻይናዊቷ አሏት። አንዱማ፣ ቻይናዎቹ መንገዱን ጨርሰው ላም ገቡ ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። እናቷ በአገሯ የቤት ጎሽ እንደምታልብ ስትናገር ደግሞ፣ ጎሽ ያለበ ሰው ላም ቢረግጠው አያመውም አሏት።

ስምንት ቀን ሙሉ በረት አላስገቧትም። እንግዳ እበት አይረግጥም ተባለ። ሶፋ ላይ አስቀምጠው አበሏት። በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ቦቲዋን አጥልቃ በረት ገባች፤ ከይርገዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ይርገዱ ጥቁሩን ክዳን ሰጠቻት። ጡቱን አሳየቻት፤ ፍርፋሪውን በጥፍሯ ጫፍ አንሥታ አሳየቻት። ቦራን ጠቆመች፤ አንድ ጣት። ዳማን ጠቆመች፤ ሁለት ጣት። ቀጣይዋን ጠቆመች፤ ሦስት። ከዚያ የምትቀመጥበትን የእንጨት በርጩማ ገልብጣ ከሥሩ አዲስ የጀመረቻቸውን ጭረቶች አሳየቻት። ኖራ የማይደርስበት ቦታ ፈልጋ ነበር።

ተማሪዋ ለየጡቱ አንድ፣ ባለ አራት ጉድጓድ ሳህንና የወተት መፈተሻ ፈሳሽ ይዛ መጥታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በየቀኑ አብረው ፈተሹ፤ አንዷ በክዳኗ፣ አንዷ በሳህኗ። ሰባት ላም ማለት ሃያ ስምንት ጡት ነው። በሃያ ስድስቱ ላይ ክዳኑና ሳህኑ ተስማሙ። ሳህኑ ብቻ ያገኘው ሁለት ነው። ይህ ከተማሪዋ ደብተር የተወሰደ ቁጥር ነው፤ እኔ የጨመርኩበት የለም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ለእንግዳዋ የመሸኛ ምሳ ተደረገ። በግ ታረደ። ጎረቤት መጣ፤ የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። በማዕዱ ላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የሰማሁት ሳይሆን ያየሁት ነው።

ተማሪዋ ደብተሯን ይዛ ተነሣች። የባለ ላሞቹ የበኩር ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው፣ አጠገቧ ቆሞ ተረጎመ። ላሞቹ የጡት በሽታ እንዳለባቸው፣ ከቦራ እንደጀመረ፣ በመታለቢያው ተራ ከላም ወደ ላም እንደሄደ ተናገረ። ሁሉም ጡት በአንድ ጨርቅ መጠረጉ እንደሚያባብሰው ተናገረ። ቦራ ከሁሉም በኋላ ትታለብ፣ ለየላሟም የራሷ ጨርቅ ይኑራት አለ።

ቤቱ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ፣ ስንት ዘመን ላም ይዘን ይህን ሳናውቅ ኖርን አለ። የባለ ላሞቹ ፊት በራ። ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ፣ ከነገ ጀምሮ ቦራ በመጨረሻ ትታለባለች ብሎ አወጀ።

የአባቱ ቃልስ? ከኅዳር እስከ ጥር ሦስት ጊዜ ተለምኖ ያልተነቃነቀው ቃል የት ሄደ? በሁለት ጉርሻ መካከል ተሻረ። እኔ የአባት ቃል ይሻር ወይም ይጽና አላልኩም። የምለው ይህን ነው፤ ያ ቃል ጽኑ የነበረው ለይርገዱ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚብሰውን ስሙ።

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። የሰው ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል። ተማሪዋ ስትናገር «ይርገዱ» የሚል ስም ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ልጁ ሲተረጉም አንድም ጊዜ አልሰማሁም።

ይርገዱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የእጅ ማስታጠቢያውንና ማንቆርቆሪያውን ይዛ። እሷም ሰማች። ስሟ ሲጠራ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀና አለች። ጭብጨባው ሲበርድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልጁን ጠየቀችው። ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ልጅ ነው።

«ስሜን ጠራችው እኮ። ምን አለችኝ፣ የኔ ጌታ?»

ልጁ ወደ አባቱ አየ። ከዚያ፣ «ስላስተናገድሽኝ አመሰግናለሁ ነው ያለችሽ» አላት።

«እሷም ትኑርልኝ» አለች። ወደ በሩ ተመለሰች።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሦስቱን ጊዜ ቆጥሬአለሁ፤ በትርጉሙ ውስጥ እንደሌለ አውቄአለሁ። አንድ ቃል ብጠይቅ ይበቃ ነበር። እንጀራ ቆረስኩ። ይህን የምነግራችሁ ከእናንተ በላይ ቆሜ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ያ ልጅ ወደ ቤቴ መጣ። እንቅልፍ የነሣውን ነገረኝ፤ ለሰው ብትናገረውም ፈቅጃለሁ አለኝ። ተማሪዋ ያለችው፣ እሱ ያስቀረው፣ ይህ ነው፦

«ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ይርገዱ ናት። እኔ የእሷን ምልከታ ቆጠርኩ እንጂ። የይርገዱን እጅ በየቀኑ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ በእጇ የለም። ይርገዱን አትልቀቋት፤ ይህ በረት ያለው ዓይን የእሷ ነው።»

ለምን አስቀረኸው አልኩት። አባቴን በእንግዶች ፊት ላለማዋረድ ብዬ ነው አለኝ። አባቱን ለማዳን። እሺ፤ አባቱን ከምን አዳነው? ከእውነት። በማን ላይ አስቀምጦ? ማንቆርቆሪያ ይዛ በቆመች ሴት ላይ። ውሸት አልተናገረም፤ ስለ ላሞቹ የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያጎድል ተርጉሟል። ያጎደለው ሰውን ብቻ ነው።

ያ የቀረ ስም ምን እንዳመጣ ስሙ። ከምሳው በኋላ ቦራ በመጨረሻ ትታለብ ጀመር፤ ሁለት ወር ወተት አልተመለሰም። በሰኔ አንድ ቀን ተመለሰ። በዚያ ቀን ወተት የሚጭነው መኪና ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ጀሪካኖቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር፤ መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ባለ ላሞቹ ግን እንዲህ አሰበ፤ የላሞቹ ነገር በእንግዳዋ ዕውቀት ተስተካክሏል፤ እንግዲህ የቀረው እጅ ነው። ይርገዱን አሰናበታት።

አያችሁ? የእሷው ምክር በእሷው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አፉን ስለዘጋ።

በመስከረም እኔና ልጁ አብረን ፈልገን አገኘናት። ሊናገር የሚገባው እሱ ነበር። የተማሪዋን ቃል አንድ በአንድ ነገራት፤ ስሟን ሦስቱንም ጊዜ እየጠራ። አላለቀሰችም። «ለጋሼ ነገርካቸው?» አለችው። ገና ነኝ አላት።

«ዳማንስ አሁን ስንተኛ ነው የምታልቧት?»

መጀመሪያ አላት። እጆቿን አጣጥፋ መሬት መሬት አየች። ስለ ራሷ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ላሟ ነበር።

ወገኖቼ፣ እንግዳዋን አልከስስም። በዚያ ማዕድ ላይ እውነቱን ከነባለቤቱ የተናገረች እሷ ብቻ ናት፤ እንግዳም መቀበል በረከት ነው። የምከሰው እኛን ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ልጃችሁን የምታጥብ ሴት አለች። እትዬ፣ ሕፃኑ በግራ በኩል ስጠራው አይዞርም ትላችኋለች። አንቺ ደግሞ ትሏታላችሁ። ከስምንት ወር በኋላ ሐኪም ይህንኑ ሲላችሁ ዓይናችሁ እንባ ያቀርራል፤ ሐኪሙን ትመርቁታላችሁ። ቤት ስትመለሱስ ለዚያች ሴት ትነግሯታላችሁ? አንቺ አይተሽው ነበር፣ እኛ ነን ያልሰማንሽ ትሏታላችሁ? ወይስ እራት ቀርቧል ወይ ብላችሁ ትገባላችሁ?

ይህን አዳራሽ የሚጠርገው ሰው ጣሪያው በምሥራቅ በኩል እንደሚያፈስ ሁለት ክረምት ነገረን። መሐንዲስ ጠርተን መሐንዲሱ ያንኑ ሲነግረን በጉባኤ አመሰገንነው። የሚጠርገው ሰው ያን ቀን የት ተቀምጦ ነበር? ከእናንተ የሚያስታውስ አለ? እኔ አላስታውስም። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሁላችሁም አስተርጓሚ ናችሁ። ከታች የሰማችሁትን ወደ ላይ ታደርሳላችሁ፤ ለአለቃ፣ ለባል፣ ለአባት፣ ለኮሚቴ። ሐሳቡን አሳምራችሁ ታደርሱታላችሁ። ስሙንስ? በስብሰባ ላይ «አንድ ነገር ታይቷል» ስትሉ፣ ማን ነው ያየው? ለምንድን ነው ያየው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ የወጣው? አታስቀይሙ ተብላችሁ ነው? ማንን ነው የማታስቀይሙት፤ ማንንስ ነው ያስቀየማችሁት?

እግዚአብሔር ዓይን ሲያድል እኛን አላማከረም። ለባለ ሶፋው ሰጥቶ ለባለ በርጩማዋ አልከለከለም። እሱ የሰጠውን ዓይን የምናጠፋው እኛ ነን፤ በክፋት እንኳ አይደለም፤ በኖራ፣ በጭብጨባ፣ ለአባት ክብር በማሰብ። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ስም አስቡ። ሰምታችሁ ያላደረሳችሁትን ስም። ዛሬ አድርሱት፤ ለሚመለከተው ሰው፣ በሰዎች ፊት፣ በሙሉው። ያ ልጅ አምስት ወር ፈጅቶበታል፤ ለአባቱ ደግሞ የተናገረው ባለፈው ሳምንት ነው። አባቱ ምን አለ ብትሉኝ፣ እስካሁን ምንም አላለም።

ከመነሣታችን በፊት ቁጥሩን ልንገራችሁና እንለያይ፤ ባለፈው ሐሙስ ሁለቱንም ቤት ሄጄ አይቻለሁ።

በኖራው ምሰሶ ላይ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል። «ቦራ በመጨረሻ ትታለብ» ይላል፤ ከሥሩ የማሪሴል ስም አለ። ቦራ ነሐሴ ላይ ተሸጣለች። አዲሱ አላቢ ወረቀቱን ያከብራል፤ ክዳን ግን የለውም። አሁን በሽታው የሚነሣው ከዳማ ነው፤ ስለ ዳማ ደግሞ ወረቀቱ ምንም አይልም። ስድስት ላም፣ ሃያ አራት ጡት። አምስቱ ደርቀዋል።

ይርገዱን ሦስት ወር ማንም አልቀጠራትም። ከዚያ አንዲት ባልቴት፣ እጅሽን ዘርጊ ሳይሉ አንዴ እለቢልኝ ብለው አስገቧት። ሦስት ላም አሏቸው፤ አሥራ ሁለት ጡት። በበሩ መቃን ላይ በከሰል የተሰመሩ ጭረቶች አሉ።

አሥራ ሁለቱም ይታለባሉ።